በቆመበት ስለሚዞረው የሣር ማጨጃ መኪና፤ አነዳዱና አጠባበቁ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ የጊቤን ሸለቆ ተሻግሮ በሰኮሩ በኩል ካለፈ በኋላ፣ ሰርቦ ሳይደርስ፣ በኦሞ ናዳ ወረዳ አሰንዳቦን ያገኛል። በዚህ አገር ዝናቡ ብዙ፣ ክረምቱም ረዥም ስለ ሆነ ሣር ለማደግ የማንንም ርዳታ አይጠብቅም። ሐምሌና ነሐሴ አልፎ መስከረም በጠባ ጊዜ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በጤና ጣቢያ ደጅ፣ በኳስ ሜዳና በመሥሪያ ቤት አጥር ውስጥ ያልታጨደ ሣር እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ እባብ ይሸሸግበታል፤ በበጋም ሲደርቅ ለእሳት መነሻ ይሆናል። ስለዚህ ሣርን በጊዜው ማጨድ ለግቢ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ለነዋሪው ደኅንነትም የሚደረግ ሥራ ነው።

ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው ማጭድ ነው። ማጭድ የያዘ ሰው ድንጋዩን አይቶ ያልፋል፤ የምስጡን ኩይሳ ዞሮ ይሄዳል፤ ያጨደውንም ሣር አስሮ ለከብት ያቀርባል። ነገር ግን ሰፊ ሜዳ በማጭድ ሲታጨድ ብዙ ሠራተኛና ብዙ ቀን ይፈጃል። እንግዲህ ሰፊ ግቢ የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ባለይዞታዎች፣ ሰው ተቀምጦበት የሚነዳውንና በቆመበት የሚዞረውን የሣር ማጨጃ መኪና ለመግዛት ቢያስቡ የሚያስደንቅ አይደለም። ሆኖም መኪናው የራሱ የሆነ ጠባይ አለው፤ ይህንንም ጠባይ ከነጂው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ግዥውን የሚያዝዘው ሹም ነው።

ስለ መኪናው አመጣጥ

የሣር ማጨጃ መኪና የተጀመረው በእንግሊዝ አገር ነው። ኤድዊን በዲንግ የተባለ ሰው፣ በግሎስተርሺር አውራጃ በስትራውድ አካባቢ በሱፍ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቁን ጠጉር የሚላጨውን መሣሪያ ተመልክቶ፣ በዚያው አሳብ ለሣር የሚሆን መኪና አወጣ፤ የፈጠራ መብቱንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830 ዓ.ም. ተቀበለ። ያ መኪና በሰው ጉልበት የሚገፋ ነበር። በቆመበት የሚዞረው ዓይነት ግን የአሜሪካ ሰዎች ሥራ ነው። ማክስ ስዊሸር የተባለ የሚዙሪ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሠራ፤ ከዚያም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጆን ሬጊየር የተባለ የካንሳስ ሰው ዛሬ የሚታወቀውን በሁለት እጀታ የሚመራውን መኪና አወጣ።

ካንሳስ የኦክላሆማ ጎረቤት ነው። የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑን የላከው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ነበር፤ ያም ትምህርት ቤት ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ ሆኗል። ስለዚህ ጅማ ለዚያ አገር ጥበብ እንግዳ አይደለችም። ነገር ግን አንድ ልዩነት መዘንጋት የለበትም። የካንሳስ አገር አብዛኛው ረባዳ ሜዳ ነው፤ የጅማ አገር ግን ዳገትና ቁልቁለት፣ ቦይና ፈፋ የበዛበት ነው። በሜዳ አገር የተወለደው መኪና ወደ ዳገት አገር ሲመጣ፣ ጥቅሙ የነበረው ነገር አደጋው ይሆናል።

ስለ አካሄዱ

ይህ መኪና እንደ ሌላው ተሽከርካሪ ክብ መሪ የለውም። በነጂው ግራና ቀኝ ሁለት እጀታዎች አሉ። የግራው እጀታ የኋላውን የግራ ጎማ፣ የቀኙም የኋላውን የቀኝ ጎማ ያዝዛል፤ ለእያንዳንዱም ጎማ የራሱ የሃይድሮሊክ ዘይት ኃይል ተመድቦለታል። ሁለቱም እጀታዎች እኩል ወደ ፊት ሲገፉ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ሲሳቡ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሲሆን መኪናው በቆመበት እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። የፊተኞቹ ጎማዎች ወደ ተገፉበት የሚዞሩ እንጂ መንገድ የሚመሩ አይደሉም።

በቅሎ መንዳት የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የበቅሎን የቀኝ ልጓም የሳበ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ የመኪናውን የቀኝ እጀታ ከግራው አብልጦ ወደ ፊት የገፋ ግን ወደ ግራ ይዞራል። በቅሎም ገደል ባየች ጊዜ ጌታዋ ባያዝዛት እንኳ በራሷ ትቆማለች፤ መኪናው ግን ዓይን የለውም። ነጂው ደንግጦ ሁለቱን እጀታዎች በኃይል ወደ ኋላ ቢስብ፣ መኪናው በመቆም ፈንታ በድንገት ወደ ኋላ ይሮጣል። ስለዚህ አዲስ ነጂ ስለቱ ሳይሽከረከር፣ ባዶ በሆነ ደልዳላ ሜዳ፣ በዝግታ እጀታዎቹን ወደ መካከል እየመለሰ መቆምን አስቀድሞ ሊለማመድ ይገባዋል። መቆምን ያልተማረ ሰው ማጨድን አይጀምር።

ስለ ስፍራው ምርመራ

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። መኪናው የሚመራውም የሚቆመውም በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ስለ ሆነ፣ እነዚያ ጎማዎች በርጥብ ሣር ወይም በጭቃ ላይ ሲንሸራተቱ ነጂው መሪውንም ፍሬኑንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ከዚያ በኋላ መኪናው በራሱ ክብደት ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል፤ ይገለበጣልም። ከአደጋዎቹ ሁሉ ነፍስ የሚያጠፋው በተለይ ይህ ነው።

ብዙዎቹ ሠሪዎች ከ15 ዲግሪ በላይ በሆነ ዳገት ላይ እንዳይነዳ ይከለክላሉ፤ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚከለክሉም አሉ። ይህንን ለማወቅ የመሐንዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ይፈለግ፤ አንዱ ጫፍ በዳገቱ ላይ ይረፍ፤ እንጨቱም በውኃ ልክ ተስተካክሎ ወደ ቁልቁለቱ ወገን ይያዝ፤ ከተንጠለጠለው ጫፍ እስከ መሬት ያለው ቁመት ይለካ። ቁመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ዳገቱ 10 ዲግሪ ነው፤ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን 15 ዲግሪ ይጠጋል። ከዚህ የበለጠውን ስፍራ ለማጭድ መተው ነው። እንደዚሁም ከቦይ፣ ከፈፋና ከወንዝ ዳር ቢያንስ የመኪናውን ወርድ ሁለት እጥፍ ያህል መራቅ ያስፈልጋል፤ የመረሬ አፈር ውኃ በጠጣ ጊዜ ዳርቻው ከጎማ በታች ይናዳልና።

ከነጂው ጀርባ የብረት ቅስት ያለው መኪና፣ ቅስቱ በቆመ ጊዜ የወገብ ቀበቶ መታጠቅ ግድ ነው፤ መኪናው ቢገለበጥ ቅስቱ ክብደቱን ይሸከማል፤ ቀበቶውም ነጂውን በስፍራው ያቆየዋል። ቅስቱ በዛፍ ቅርንጫፍ ምክንያት በታጠፈ ጊዜ ግን ቀበቶው አይታጠቅ፤ ነጂውን ከመኪናው በታች አስሮ ያስቀረዋልና። ዛፉ እንደ ታለፈ ቅስቱን መልሶ ማቆም ያስፈልጋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሜዳውን በእግር መዞር ተገቢ ነው። ድንጋይ፣ የሽቦ ቁራጭ፣ ጠርሙስና አጥንት ይለቀም፤ ኩይሳና ጉቶ በእንጨት ምልክት ይደረግበት። የስለቱ ጫፍ በሰከንድ እስከ 96 ሜትር ያህል ሊፈጥን ስለሚችል፣ የመታውን ጠጠር እንደ ጥይት ይወረውረዋል። ጤዛው ሳይረግፍ ወይም ዝናብ እንዳባራ ማጨድ አይገባም።

ይህን መኪና ወደ ቡና ተክል ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ቡና ምግቡን የሚስብበት ቀጭን ሥሩ ወደ መሬቱ ገጽ ቅርብ ነው፤ ግንዱም ሲቆስል ለበሽታ መግቢያ ይሆናል። እንደ ዋንዛና ሰሳ ያሉት የጥላ ዛፎችም ቅርንጫፋቸው ነጂውን ይመታል። የቡና ሥር አረም የእጅ ሥራ ነው።

ስለ ሰዎች ጥበቃ

መኪና በተነሣ ጊዜ ሕፃናት ድምፁን ሰምተው ይሮጣሉ፤ ይህ በገጠር ከተማ ሁሉ የታወቀ ነው። ነጂውም በሞተሩ ጩኸት ምክንያት የልጅ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ በሚታጨድበት ሰዓት የግቢው በር ይዘጋ፤ ሕፃናትንም የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደብ። ልጅን በጭን አስቀምጦ መንዳት እንደ ፍቅር ቢታይም እግር የሚያስቆርጥ ጥፋት ነው። ነጂው ወደ ኋላ ከመመለሱ በፊት ዞሮ ወደ ኋላና ወደ ታች ይመልከት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ዕድሜው 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ ይህን መሰል መኪና እንዳይነዳ ይመክራል፤ ምክሩ ለዚህም አገር ይስማማል።

ከመቀመጫው በታች ነጂው በተነሣ ጊዜ ስለቱን የሚያቆም መሣሪያ አለ። አንዳንድ ሠራተኞች ሥራ ለማፋጠን ይህን መሣሪያ በሽቦ ያስሩታል፤ እንዲህ ያለውን ያገኘ ሹም ሥራውን በዚያው ሰዓት ያስቁም። ሣር በስለቱ ዙሪያ ቢጠቀጠቅ፣ ነጂው ስለቱን ያጥፋ፣ ሞተሩን ያጥፋ፣ ቁልፉን ይንቀል፣ ስለቱም መቆሙን በዓይኑ ይይ፤ ከዚያ በኋላ በእንጨት እንጂ በእጁ አይጥረግ። የጆሮ መሸፈኛ፣ የዓይን መነጽርና ጠንካራ ጫማ ይሰጠው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስገነዝብና የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥ ያዝዛል።

ስለ አጠባበቁ

መኪና እንደ ከብት ነው፤ የማይጠበቅ አይቆይም። በየቀኑ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ በደልዳላ መሬት ላይ የሞተሩ ዘይት ይታይ። የጎማዎቹ ነፋስ እኩል መሆኑ ይለካ፤ እኩል ካልሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ሣሩንም ደረጃ አውጥቶ ያጭዳል። ቤንዚን የሚጨመረው ከቤት ውጭ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ሲጋራና እሳት በሌለበት ነው። በማርሚታው ዙሪያ የተከማቸ ደረቅ ሣር ሁልጊዜ ይጠረግ፤ በበጋ እሳት የሚነሣው ከዚያ ነው። ሞተሩ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ አይነሣ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት።

የአየር ማጥሪያው፣ መካኒኮች ደፕራተር የሚሉት፣ በአቧራ ወራት ቶሎ ቶሎ ይጽዳ። የአዲስ መኪና የሞተር ዘይት ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓቶች በኋላ፣ ከዚያም ወዲያ ሠሪው በመጽሐፉ ባዘዘው ሰዓት ይለወጥ፤ ስለዚህ የሥራውን ሰዓት በመዝገብ መጻፍ ያስፈልጋል። ቺንጊያው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ሳይበጠስ ይቀየር። ከሃይድሮሊክ ቧንቧ ዘይት የሚያፈስ ቢመስል ቀዳዳውን በእጅ መዳሰስ ክልክል ነው፤ ተገፍቶ የሚወጣው ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል፤ በካርቶን ቁራጭ ይፈለግ።

ስለቱ በደነዘዘ ጊዜ ሣሩን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የተቀደደውም ሣር ጫፉ ይቢጫል። ለመሳል አስቀድሞ የካንዴላው ሽቦ ይነቀል፤ እጅ በጓንቲ ይሸፈን፤ ስለቱም በእንጨት ተደግፎ ቡሎኑ ይፈታ። በሞረድ ሁለቱ ወገን እኩል ይሳል፤ ከዚያም በመካከለኛው ቀዳዳ በምስማር ላይ ይሰቀል። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ከዚያው ወገን ጥቂት ይሞረድ፤ ሚዛኑን ያልጠበቀ ስለት ሲሽከረከር መኪናውን አንቀጥቅጦ ይሰብረዋልና።

ከመግዛት አስቀድሞ

ግዥ የሚያዝዝ ሰው ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ሜዳው ደልዳላ ነውን? የመለዋወጫ ዕቃና መካኒክ በቅርብ ይገኛልን? ነጂውስ ለመማር በቂ ቀን ተሰጥቶታልን? አንዱ እንኳ ቢጎድል ግዥው ይዘግይ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና። ይህ መኪና ሣሩን አድቅቆ ስለሚበትን ለድርቆሽ እንደማይሆንም ይታሰብ። ሣሩ ለከብት መኖ በሚፈለግበት ስፍራ፣ ለጎረቤት ባለ ከብቶች በማጭድ እንዲያጭዱ መፍቀድ ለግቢውም ለእነርሱም ይጠቅማል።

ተገዝቶ የመጣ እንደ ሆነ ግን፣ ሹሙ ራሱ አንድ ቀን ወርዶ ሜዳውን በእግሩ ይዙር፤ ዳገቱን በእንጨቱ ይለካ፤ የሚታጨደውንና የማይታጨደውን ስፍራ በምልክት ይለይ። ነጂው የታዘዘውን ይሠራል፤ ወደ ገደል ዳር የታዘዘ ነጂ ቢወድቅ ጥፋቱ የእጀታው ወይም የጎማው ብቻ አይደለም። ከመጀመሪያው ሥራ በፊት በእግር የሚደረገው ይህ የአንድ ቀን ዙረት፣ አንድ ሠራተኛ ማታ በሁለት እግሩ ወደ ቤቱ እንዲገባ ያደርጋል።