ችግኝን ፀሐይ ማስለመድ፦ ከሰኔ መባቻ እስከ ተከላው ቀን

በመደብ ላይ ለምለም ሆኖ የሚታይ ችግኝ ተራራ ላይ በወጣ በሁለት ሳምንቱ ቅጠሉን ቢያራግፍ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በሽታ አይደለም። ያልለመደው ፀሐይ፣ ያልለመደው ንፋስና ያልለመደው ጥማት በአንድ ቀን ስለሚገጥሙት ነው። ይህ እንዳይሆን ከተከላው በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት የሚሠራ ሥራ አለ። የግብርና ባለሙያዎች «ማጠንከር» ይሉታል። ችግኙን ገና በችግኝ ጣቢያው እያለ ቀስ በቀስ ከጥላና ከብዙ ውሃ ማላቀቅ ማለት ነው።

ሥራው መድኃኒት አይፈልግም፤ አዲስ መሣሪያም አያስገዛም። አብዛኛው መቀነስ ነው፦ ጥላ መቀነስ፣ ውሃ መቀነስ፣ ማዳበሪያ ማቆም። የሚጠይቀው ቀን መቁጠርንና በየማለዳው መደቡን ዞሮ ማየትን ነው።

ችግኙ ላይ ምን ይለወጣል?

በዳስ ሥር በየቀኑ ውሃ እየጠጣ ያደገ ችግኝ ቅጠሉ ሰፊና ስስ ነው። ግንዱ ለስላሳ ነው። ውሃ ፍለጋ ስላልተገደደ ሥሩ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ችግኝ ሜዳ ላይ ሲወጣ ቅጠሉ በፀሐይ የሚያተነውን ውሃ ሥሩ መተካት ያቅተዋል።

ፀሐይና ጥማት በልኩ ሲያገኘው ግን ራሱን ያስተካክላል። ቅጠሉ ይወፍራል፤ ውሃ እንዳይባክን የሚከላከል ሰም መሰል ሽፋንም ይለብሳል። በቅጠሉ ገጽ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች በቀትር ቶሎ መዝጋት ይለምዳል። ግንዱ ከሥሩ ጀምሮ ቡናማ እየሆነ እንጨት ያወጣል። ወደ ላይ ማደጉን ገታ አድርጎ ምግቡን ወደ ሥሩ ያወርዳል። በእነዚህ ሳምንታት ቁመቱ ባለበት ቢቆም አይደንግጡ፤ የሚፈለገው ይኸው ነው።

ሰንበቴ ላይ ለምን ይበልጥ ያስፈልጋል?

ሰንበቴ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ መካከል፣ ከደጋው ግርጌ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው አካባቢ ትገኛለች። ሰኔ እዚህ ከዓመቱ ሞቃታማ ወራት አንዱ ነው። ዋናው ዝናብ ሐምሌ ላይ ይገባል፤ መስከረም ላይ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ በጋው ረጅም ነው፤ በልጉም ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም።

ስለዚህ በሐምሌ አጋማሽ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ወደ ታች ለማውረድ ያለው ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ነው። ያልጠነከረው ከዚህ ላይ ሳምንታቱን በማገገም ይጨርሳል። የጠነከረው ጊዜውን ሥር ለመስደድ ይጠቀምበታል። ልዩነቱ ነሐሴ ላይ ብዙም አይታይም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ችግኙ የፈላው በደጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከደብረ ሲና በላይ፣ ጥንቃቄው ይጨምራል። በዚያ ቅዝቃዜ የጠነከረ ቢሆንም የቆላውን ሙቀት አያውቀውም። ከመተከሉ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት እዚሁ ቆላ ውስጥ፣ በቀላል ጥላ ሥር ቢሰነብት ይሻላል።

መቼ ልጀምር?

ከተከላው ቀን ወደ ኋላ ስድስት ሳምንት ይቁጠሩ። ሐምሌ 13 ለመትከል ካሰቡ ሰኔ 1 ይጀምራሉ። ጊዜ ካጠረዎት አራት ሳምንትም ይበጃል፤ ከዚያ በታች ግን ችግኙን ማስደንገጥ እንጂ ማስለመድ አይሆንም።

የዘመቻ ተከላ በዚህ በኩል ይመቻል፣ ቀኑ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይታወቃልና። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በተጀመረበት በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚደርስ ችግኝ ሰኔ 10 ላይ መጠንከር መጀመር ነበረበት ማለት ነው። የቀበሌዎ የተከላ ቀን እንደተነገረዎት መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ይህን ቆጠራ ይሁን።

አንደኛ፦ ጥላውን ማንሳት

በመጀመሪያው ሳምንት ከዳሱ ላይ ሣሩን ግማሽ ያህል ያሳሱት። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋትና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይክፈቱት፤ ቀትር ላይ ይመልሱት። በሦስተኛው ሳምንት ጨርሰው ያንሱት። ሙሉ በሙሉ የሚያነሱበት ቀን ደመናማ ቢሆን ይመረጣል።

ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ ወይም የተቃጠለ ቦታ ካዩ ፈጥነዋል ማለት ነው። ሁለትና ሦስት ቀን ወደ ኋላ ይመለሱና እንደገና ይቀጥሉ። ቅጠሉ ትንሽ ቢቀላ ግን ክፉ ምልክት አይደለም።

ሁለተኛ፦ ውሃውን ማራራቅ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚቀነሰው የማጠጫው ቀን እንጂ በአንድ ጊዜ የሚጠጣው መጠን አይደለም። ሲያጠጡ ውሃው እስከ ፕላስቲኩ ታች ይድረስ። ላዩን ብቻ ካረጠቡት ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ሳምንታት ሁለት ቀን አንዴ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ደግሞ ሦስት ቀን አንዴ ያጠጡ። ይህ መነሻ ነው፤ ዳኛው ግን ችግኙ ራሱ ነው። ቀትር ላይ ጫፉ ዘንበል ብሎ ማታ ከተቃና ደህና ነው። ጠዋት ጠውልጎ ካገኙት ተራውን ሳይጠብቁ ወዲያው ያጠጡት። በሰኔ ሙቀት አንድ ቀን መዘግየት መደቡን ሊያጠፋው ይችላል።

ዝናብ ቀድሞ ቢገባስ? ያኔ ውሃ መከልከል አይቻልም። ጥላውን አንስተው ይተዉት፤ ቀሪውን በሥር መቁረጡ ያካክሱታል።

ሦስተኛ፦ ሥሩን መቁረጥ

በየጣቢያው የምናየው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ማለትም ፖሊቲን ቱቦ፣ ብዙውን ጊዜ ታቹ ክፍት ነው። ችግኙ ሲያድግ ሥሩ በዚያ ወጥቶ የመደቡን አፈር ይይዛል። ይህን ሥር ሳይነኩት ከቆዩ በጭነቱ ቀን ይበጠሳል፤ ችግኙም ዋና መጠጫውን በዚያች ቀን ያጣል።

ስለዚህ በሦስት ሳምንት አንዴ ፕላስቲኩን ቀና አድርገው የወጣውን ሥር በስለታም ቢላ ወይም በምላጭ ይቁረጡት። ሥሩ ከታች ሲቆረጥ በፕላስቲኩ ውስጥ ብዙ ቀጫጭን ሥር ያወጣል። የመጨረሻው ቁረጣ ከተከላው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቅደም።

ሥራውን ወደ ማታ ይሥሩት። እንደጨረሱ በደንብ ያጠጡ፤ ሁለትና ሦስት ቀን ትንሽ ጥላ ይመልሱለት። ሥር በተቆረጠበት ሳምንት ውሃም ጥላም አይቀንሱበት። ሁለት መከራ በአንድ ቀን አይደራረብበት።

አራተኛ፦ ማዳበሪያ ማቆምና መለየት

ማጠንከር ከጀመሩበት ቀን አንስቶ ዩሪያም ሆነ በውሃ የተበጠበጠ ፍግ አይስጡ። ማዳበሪያው የሚያወጣው አዲስ ቅጠል ለስላሳ ስለሆነ ድካምዎን ያበላሻል።

ፕላስቲኮቹን ፈርቀቅ አድርገው ይደርድሩ፤ ንፋስና ብርሃን ይግባባቸው። ግንዱ የተጣመመውን፣ ሥሩ የተጠቀለለውንና ከሌሎቹ እጅግ ያነሰውን ያውጡ። ለደካማ ችግኝ ጉድጓድ መቆፈር ድካም ማባከን ነው።

ሁሉም ዛፍ በአንድ ልክ ይጠነክራል?

አይጠነክርም። ግራር፣ ቁርቁራ፣ ኒምና ሽፈራው ፀሐዩን ቶሎ ይለምዳሉ። ዋንዛ ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ቀስ ይበሉበት። ፓፓያ ግንዱ ውሃ የበዛበት ነውና ውሃውን በጥቂቱ ብቻ ያራርቁ። በጥላ ዛፍ ሥር የሚተከል ቡና ደግሞ ጭራሽ ለሙሉ ፀሐይ አይጋለጥ። ችግኙ የሚጠነክረው ለሚሄድበት ቦታ ነው።

መጠንከሩን በምን አውቃለሁ?

ግንዱን ከአፈሩ በላይ ጎንበስ ሲያደርጉት ተመልሶ ቀጥ ይላል። ታችኛው ክፍል ቡናማ ሆኗል። ቅጠሉ ወፈር፣ ጠቆር ብሏል። አንዱን ለናሙና ፕላስቲኩን ቢቀዱት ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች አፈሩን ይዘውት ሳይፈርስ ይቆማል።

በቁጥር ማረጋገጥ ከፈለጉ ቁመቱን በሳንቲ ሜትር፣ የግንዱን ውፍረት ከአፈሩ ጠርዝ ላይ በሚሊ ሜትር ይለኩ። ቁመቱን ለውፍረቱ ሲያካፍሉ ከ6 ባይበልጥ ጥሩ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ልክ 6 ይሆናል፤ ይበቃዋል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ 10 ይወጣል፤ ቀጥኖ የተሳበ ችግኝ ነውና ንፋስ ይጥለዋል።

ስንት ያስወጣኛል?

በመጀመሪያ ውሃውን እናስላ። ለሺህ ችግኝ በአንድ ማጠጣት 10 ጄሪካን ይፈጃል እንበል። በስድስት ሳምንት በየቀኑ ቢያጠጡ 420 ጄሪካን ይሆናል። ከላይ በተባለው መንገድ ቢሄዱ 260፣ ከጭነቱ ዋዜማ ማጠጣት ጋር 270 ይሆናል። 150 ጄሪካን ተረፈ ማለት ነው። ውሃ በአህያ ለሚያስቀዳ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

አሁን ብሩን። ዋጋው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ለስሌት የሚመች ቁጥር ልውሰድ፤ እርስዎ በራስዎ ይተኩት። አንድ ችግኝ 10 ብር፣ ጉድጓዱና ተከላው 20 ብር፣ የቀን ሠራተኛ 300 ብር ይሁን። ሳያጠነክሩ ሺህ ቢተክሉ 30,000 ብር ያወጣሉ። 600 ቢጸድቅልዎት አንዱ የጸደቀ ዛፍ 50 ብር ፈጀ ማለት ነው።

ቢያጠነክሩስ? ለሁለት ጊዜ የሥር ቁረጣ ሁለት የቀን ሠራተኛ፣ 600 ብር። ደካማ ብለው 50 ችግኝ ቢያወጡ የሚተክሉት 950 ነው። ለሺው ችግኝ 10,000፣ ለ950 ጉድጓድ 19,000፣ ለማጠንከሪያው 600፤ ድምሩ 29,600 ብር። 750 ቢጸድቅ አንዱ ዛፍ ወደ 40 ብር ይወርዳል። የሚጸድቀው 592 ብቻ ቢሆን እንኳ አንዱ ዛፍ ያው 50 ብር ነው። ለደካማው ያልተቆፈረው ጉድጓድ የማጠንከሪያውን ወጪ ሸፍኖታልና አይከስሩም።

ከገበያ ለሚገዛ ሰው

የሰንበቴ ገበያ እሑድ ነው። ችግኝ ሲገዙ ረጅሙንና ለምለሙን አይምረጡ፤ አጠር ብሎ ግንዱ የወፈረውን ይምረጡ። ሻጩን «ዳሱ ከተነሳለት ስንት ጊዜው ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ካላረካዎት ቤትዎ ወስደው በዛፍ ጥላ ሥር ያስቀምጡት፤ ቢያንስ አራት ሳምንት ወስደው ከላይ ባየነው ቅደም ተከተል ወደ ፀሐይ ያውጡት። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ለዚህ የሚሆን ጊዜ እንዲኖር ግዢውን ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይጨርሱ።

የጭነቱና የተከላው ቀን

ማጠንከር እስከ ዋዜማው ድረስ ነው። ዋዜማውን ማታ እስኪጠግብ ያጠጡት፤ ደረቅ አፈር በመንገድ ይፈርሳል። በአይሱዙም ይሁን በባጃጅ ሲጭኑ ቀጥ አድርገው ይደርድሩ፤ ንፋስ እንዳይመታው ይሸፍኑት። ግንዱን ይዘው አያንሱ፣ ከፕላስቲኩ ይያዙ።

አፈሩ ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መርጠቡን ቆፍረው ሳያዩ አይትከሉ። አንድ ዝናብ ጣለ ብሎ መቸኮል የስድስት ሳምንት ልፋትን ያጠፋል። በሚተክሉበት ጊዜ ፕላስቲኩን ቀድደው ያውጡ፤ ችግኙን በጣቢያው በነበረበት የአፈር ልክ ይትከሉት።

አንድ ነገር ግን አይዘንጉ። ማጠንከር ከፀሐይና ከጥማት እንጂ ከፍየልና ከግመል አያድንም። ለዚያ የእሾህ አጥር ወይም የከብት ክልከላ ያስፈልጋል።

አሁንም ከተጠራጠሩ ዘንድሮ ከአንዱ መደብ 20 ችግኝ ሳያጠነክሩ ያስቀሩ። ከጠነከሩት 20 ጋር በአንድ ማሳ፣ በአንድ ቀን ይትከሏቸው፤ ምልክት ያድርጉባቸው። በመስከረም መጨረሻ አንዴ፣ በሚቀጥለው ሰኔ አንዴ ይቁጠሯቸው። ከዚያ በኋላ ከላይ ያስቀመጥኩትን የስሌት ቁጥር ሰርዘው የራስዎን ማሳ ቁጥር ያስገቡበት።