የልማድ ካስማ፤ አእምሮን ስለ ማለማመድ

«ልማድ ያሰርቃል ከማድ» ይላል የአገራችን ሰው። ማድ የተባለው ማዕድ ነው። እጁ ስርቆትን የለመደ ሰው ከቀረበለት ማዕድ እንኳ ሳያስበው ይሰርቃል ማለት ነው። ክፉ ልማድ ያለ ፈቃዳችን እጃችንን የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ መልካም ልማድም እንደዚሁ ያለ ብዙ ድካም ወደ ሥራችን ሊመራን ይችላል። ታዲያ መልካም ልማድ የሚተከለው በምን ዘዴ ነው? አንድ ጊዜ ከተነቀለስ እንደ ገና ሊቆም ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከምዕራብ ጠረፋችን ማዶ፣ በምሥራቅ ሱዳን ይገኛል።

ከመተማ ተነሥቶ ገላባትን አልፎ ወደ ገዳሪፍ የሚጓዝ ሰው፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበትን ሰፊ ጥቁር አፈር ያያል። ኢትዮጵያውያን ይህን አገር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ነጋዴው ለንግድ፣ ወጣቱ ለአረምና ለአጨዳ፣ መከራ የደረሰበትም ለመጠለል ይሄድበታል። በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር ኡም ራኩባ የሚባል የስደተኞች ሰፈር አለ። ራኩባ በሱዳኖች ዐረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው። ይህ ሰፈር በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስጠልሎ ነበር። በኋላ ተዘግቶ ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ እንደ ገና ተከፈተ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ። ከእነርሱም የሚበዙት በኡም ራኩባና አዲስ በተቋቋመው በቱናይድባህ ሰፈር ተቀመጡ።

ከቤቱ በድንገት የወጣ ሰው የሚያጣው ከብቱንና እህሉን ብቻ አይደለም፤ ልማዱንም ያጣል። ገበሬ ዶሮ ሲጮኽ ይነሣል፤ በሬዎቹን ሲያይ ቀንበሩን ያነሣል። አስተማሪ ደወል ሲሰማ ጠመኔውን ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባል። የቤት እመቤት ጀበናዋን ስትጥድ ጎረቤቷን ትጠራለች። ዳስ በካስማ እንደሚቆም ልማድም በቦታ፣ በሰዓትና በዕቃ ይቆማል። በሬው ከሌለ፣ ደወሉም ካልተሰማ፣ ካስማው ተነቅሎአልና ልማዱ ይወድቃል። ያን ጊዜ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሰልፍ በመጠበቅ ያሳልፍና «ሰነፍ ሆንሁ፤ ወኔዬ ጠፋ» እያለ ራሱን መውቀስ ይጀምራል። ይህ ግን የተሳሳተ ፍርድ ነው። የጠፋው ካስማው እንጂ የሰውየው ጠባይ አይደለም። ካስማ ደግሞ በሌላ ስፍራ ሊተከል ይችላል።

ይህን በሥራ ያሳዩ ሰዎች ነበሩ። ከሑመራ የተሰደዱት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዶክተር ቴዎድሮስ ተፈራ፣ በድንበሩ አጠገብ በምትገኘው በሃምዳይት በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ስደተኞችን ማከም ጀመሩ። የራሳቸው መከራ እስኪያልፍ አልጠበቁም። በኡም ራኩባም ከስደተኞቹ መካከል የነበሩ መምህራን ልጆችን ሰብስበው አስተማሩ። ፀጉር አስተካካዩ በዳስ ሥር ሥራውን ዘረጋ፤ ሴቶችም ቡና አፍልተው መሸጥ ጀመሩ። በምሥራቅ ሱዳን ቡና የሚፈላበት ዕቃ ስሙ እንደ እኛው ጀበና ስለ ሆነ፣ የጀበናው ካስማ በዚያም አገር ለመተከል አላስቸገረም።

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ብዙ ሰው «በመጀመሪያ በራሴ ልተማመን፤ ከዚያ በኋላ ሥራ እጀምራለሁ» ይላል። የነገሩ ቅደም ተከተል ግን ተቃራኒ ነው። አልበርት ባንዱራ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ በራስ መተማመንን ከሁሉ አብልጦ የሚያጸናው ሰውየው ራሱ ሠርቶ የፈጸመው ነገር ነው። እርሱን የሚመስል ሌላ ሰው ሲሳካለት ማየትና ከሌላው የሚነገር የማበረታቻ ቃልም ይረዳሉ፤ ነገር ግን ከገዛ ሥራ ያነሰ ኃይል አላቸው። እንግዲህ መተማመን የሥራ ፍሬ ነው፤ ፍሬውን አስቀድሞ የሚፈልግ ሰው ዘሩን ሳይዘራ ይቀራል።

ልማድ ለመትከል ስንት ቀን ይበቃል? በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቀላል ነገር መርጦ፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ ውሃ መጠጣትን፣ በየቀኑ በዚያው ጊዜ ያደርግ ነበር። ነገሩ ያለ ሐሳብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን ድረስ የወሰደው ጊዜ፣ ሰዎቹን በመካከል ብንከፍላቸው፣ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን እንደ ስሌታቸው አንዱ በ18 ቀን ሲለምድ ሌላው እስከ 254 ቀን የሚያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ጎረቤትዎ ቶሎ ለምዶ እርስዎ ቢዘገዩ የሚያሳፍር ነገር የለም። አሜሪካዊው ሊቅ ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አዲስ ልማድ ሥር እስኪሰድ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳይታለፍ መክረው ነበር። የላሊ ምርምር ግን አንድ ቀን ቢታለፍ የተደከመበት ሁሉ እንደማይፈርስ አሳይቶአል። የሚጎዳው መሳቱ ሳይሆን፣ ስቼአለሁ ብሎ መተው ነው።

የተጨነቀን አእምሮ ማለማመድ እንደሚቻል ደግሞ በስደተኞች መካከል ተፈትኖአል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አንድ ትምህርት በሰሜን ኡጋንዳ በራይኖ ሰፈር ለደቡብ ሱዳን ሴቶች ተሰጥቶ ነበር። ትምህርቱ በድምፅ የተቀዳ ሆኖ በአምስት ጊዜ ስብሰባ የሚፈጸም ነው። ከክፉ ሐሳብ ጋር መታገልን ትቶ እግርን በመሬት ላይ አጽንቶ ወደ አሁኑ ሥራ መመለስን፣ ለራስም ርኅራኄ ማድረግን ያስተምራል። በፈተናው 694 ሴቶች ተካፍለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ውጤት፣ ትምህርቱን የተከታተሉት ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሶ ተገኝቶአል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። አዲስ ልማድ ለመትከል የሚሹ ሰው የሚከተሉትን ይሞክሩ።

አንደኛ፤ አስቀድሞ የጸና ካስማ ይፈልጉ። «ከእንግዲህ አማርኛ አጠናለሁ» ማለት ካስማ የለውም። «የጧት ቡናዬን ስጠጣ አንድ የፊደል ተርታ እጽፋለሁ» ቢሉ ግን ቡናው ራሱ ያስታውስዎታል።

ሁለተኛ፤ ሥራውን ያሳንሱ። ዋናው ፊደላችን 33 ተርታ፣ በእያንዳንዱም ተርታ 7 ሆሄ፣ በጠቅላላው 231 ሆሄ አለው። ሁሉን በአንድ ሌሊት ልያዝ የሚል ሰው ይሰለቻል። በቀን ከሀ እስከ ሆ እንዳለው አንድ ተርታ የሚጽፍ ግን በ33 ቀን ዙሩን ይጨርሳል።

ሦስተኛ፤ የሠሩትን በወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉ። አእምሮ የጎደለውን ቶሎ ያያል፤ የተፈጸመውን ግን ይረሳልና ምስክር ያስፈልገዋል።

አራተኛ፤ አንድ ቀን ቢያልፍዎ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ይመለሱ። ያለፈውን ለማካካስ እጥፍ ለመሥራት አይሞክሩ።

ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። መልካም ልማድ እንጀራን አይተካም፤ ሰላምንም አይተካም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ውስጥ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በገዳሪፍ የተጠለሉት ኢትዮጵያውያን በስደት ላይ ሌላ ሥጋት ተጨመረባቸው። ከካርቱም የሸሹ ሱዳናውያንም ወደዚያው ገዳሪፍ ጎረፉ። ለእነዚህ ሰዎች ምግብና ጥበቃ ሳያቀርቡ «አእምሮአችሁን አለማምዱ» ብሎ መምከር ከምክር አይቆጠርም፤ ስድብ ይሆናል።

ይህም ነገር በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎችን ይመለከታል። ጉዳይ ይዞ የመጣውን ሰው ያለ ምክንያት «ነገ ተመለስ» የሚል ሹም፣ ሳያውቀው የዚያን ሰው ካስማ ይነቅላል። ባለጉዳዩ የራሱ ጥረት ምንም እንደማይለውጥ ደጋግሞ ከተማረ፣ ውሎ አድሮ መሞከሩን ይተዋል። «ሐሙስ በአራት ሰዓት ይምጡ» ብሎ በቃሉ የሚገኝ ሹም ግን ለሰውየው የሚደገፍበት ቀን ይሰጠዋል። ስለዚህ ለራሱ አዲስ ልማድ ሊተክል ያሰበ ሹም ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው፤ ከመጀመሪያው ባለጉዳይ ጋር ሲነጋገር፣ የሚጨርስበትን ቀንና ሰዓት በቃሉ ይንገረው፤ በወረቀትም ላይ ይጻፍለት።