ቤተ መንግሥት ሲለወጥ ቤተ ክህነት ለምን ይናወጣል?

በየካቲት 1968 ዓ.ም. ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። በ1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ መርቆሬዎስ መንበራቸውን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ሲኖዶሱ «የሀገር ቤት» እና «የስደት» ተብሎ ተከፈለ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አጥቢያዎችም አብረው ተለያዩ።

የዚህ ሥር ሩቅ ነው። ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመታት ያህል ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነበር። ግብፃዊው ጳጳስ ክህነት ይሰጣል፣ እጨጌ የሚባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ የቤተ ክርስቲያኒቱን የውስጥ አስተዳደር ይመራል፤ ጳጳሱን የሚያስመጣውም ርስትና ጉልቱን የሚሰጠውም ግን ንጉሡ ነበር። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ሆኑ። ያ ነጻነት ከእስክንድርያ እንጂ ከቤተ መንግሥት አልነበረም። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የጳጳሳት ምርጫ የንጉሠ ነገሥቱን ይሁንታ ማግኘት ነበረበት።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ መሠረት ተጣለ። በአቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ ተቀምጠው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። ብዙም ሳይቆይ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወሰደ። ጉልቱ ሲቀር ካህኑን ያኖረው፣ መቅደሱን ያሳደሰው የምእመናን አስተዋጽኦ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያለ ቤተ መንግሥት መቆም እንደምትችል ያን ጊዜ ታይቷል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሁለቱ ሲኖዶሶች ሲታረቁም፣ በ2015 ዓ.ም. ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ በኦሮሚያ ጳጳሳት በመሾማቸው የተነሣው ቀውስ ሲበርድም ጠቅላይ ሚኒስትሩ በመካከል ነበሩ። ዕርቅ የተቀደሰ ነገር ነው። ነገር ግን የራሷን ልጆች ለማስታረቅ ቤተ መንግሥትን የምትጠብቅ ቤተ ክርስቲያን ነገም ለባለ ሥልጣን በሯ ክፍት ነው።

መፍትሔው ከአጥቢያው ይጀምራል። ሰበካ ጉባኤው በእውነተኛ ምርጫ ይቋቋም፤ ሒሳቡ ለምእመናን ይነገር፤ ምእመናን በቋንቋቸው ይማሩ፣ ይገልገሉ፤ በሹመት ላይ የሚነሣ ቅሬታም ወደ ቂም ሳይለወጥ በሲኖዶሱ ዘንድ በቀኖና ይታይ። ሕዝቧ የሚያምናትን ቤተ ክርስቲያን መንግሥት በቀላሉ አይከፍላትም።