ተጨማሪ መረጃ፦ ከውሉ ዘመን በፊት ቤት የለቀቀ ተከራይ ዕዳ
በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1731ኛው አንቀጽ፣ በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ የጸና መሆኑን ስለሚደነግግ፣ አንድ መምህር በአምቦ ከተማ ለአንድ ዓመት ቤት ተከራይቶ ሳለ በስድስተኛው ወር ወደ ጊንጪ ቢዛወር፣ ጓዙን ማውጣቱ ብቻ ከቀሪው ዘመን ግዴታ ነጻ አያወጣውም።

ይሁን እንጂ ሕጉ ለአንዱ ወገን ብቻ የቆመ አይደለምና፣ የቤቱ ባለቤትም ጉዳቱን በሚቻለው መጠን የመቀነስ ግዴታ ስላለበት፣ ቤቱን ሆን ብሎ ዘግቶ የወራቱን ኪራይ ሁሉ ከመጠየቅ ይልቅ ሌላ ተከራይ ሊፈልግ ይገባዋል፤ አዲሱ ተከራይ ከገባ በኋላም ስለ አንድ ቤት ከሁለት ሰው ኪራይ መሰብሰብ ከርትዕ የራቀ ነው። ዘመን ያልተቆረጠለትን ውል ግን ተከራዩ አስቀድሞ በማስታወቅ ሊያፈርሰው ይችላል።

የውሉን ዘመንና የቅድሚያ ክፍያውን በተመለከተ ደግሞ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320፣ በሚጸናባቸው ከተሞች፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ አዟል።

ስለዚህ ለቃቂው የሚወጣበትን ቀን በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ቁልፉን በምስክር ፊት ያስረክብ፤ የከፈለበትንም ደረሰኝ በጥንቃቄ ይያዝ።