ስለ «ጊዜ ማፋጠን» እና ስለ «ገፊ ኃይል» አሰያየም

ቃልን በቃል መተካት የሚያስከትለውን ስሕተት ጎልቶ ከምናይባቸው አዳዲስ ዘርፎች አንዱ በኮምፒዩተር የሚካሄደው ምስለ ጠፈር በረራ ነው። ለአብነት እ.ኤ.አ. በ2015 ሙሉ ቅጂው የወጣውን «ኬርባል ስፔስ ፕሮግራም» የተባለ ጨዋታ እንውሰድ። የጨዋታው አዮን ሞተር 2,000 ኒውተን ይገፋል። 10,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መንኮራኩር ፍጥነቷን በሴኮንድ በ2,000 ሜትር እንድትለውጥ ቢፈለግ፣ የነዳጁን መቀነስ ሳንቆጥር፣ ሞተሩ 10,000 ሴኮንድ፣ ይኸውም ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው መሥራት አለበት። ስለዚህ ተጫዋቹ የጨዋታውን ጊዜ ያፋጥናል።

ይህን ወደ አማርኛ ስንመልስ ሦስት ችግሮች ይገጥሙናል። አንደኛ፣ የሞተሩን ኃይል «ዝቅተኛ ግፊት» ብንለው አንባቢው የአየር ወይም የደም ግፊትን ያስባል፤ ግፊት ለስፋት የተካፈለ ኃይል ነውና። በመሆኑም «አነስተኛ ገፊ ኃይል» ይሻላል። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛው የሞተሩን ሥራ «ቃጠሎ» ይለዋል፤ አዮን ሞተር ግን ዜኖን የተባለውን ጋዝ በኤሌክትሪክ አፈትልኮ እንዲወጣ ያደርጋል እንጂ አያቃጥልም። «ረጅም ግፊያ» ብንል፣ የገበያው ግፊያ ቢታወሰንም፣ አገባቡ ይለየዋል። ሦስተኛ፣ ለጊዜ መፋጠን የገባው የእንግሊዝኛ ቃል በሸማኔ ዘንድ «ድር»፣ በአናጢ ዘንድ «መጣመም» ነው፤ እዚህ ግን ድርም መጣመምም ስለሌለ «ጊዜ ማፋጠን» እንላለን።

ማፋጠኑም ሁለት ዓይነት ነው። ሞተር ሲጠፋ በመንኮራኩሯ ላይ የሚሠራው ስበት ብቻ ስለሚሆን፣ ቦታዋ ከምሕዋሯ ቀመር በቀጥታ ይገኛል፤ ጊዜውም እስከ 100,000 እጥፍ ይፋጠናል። ይህን «በቀመር ማፋጠን» ብለነዋል። ሞተር ሲሠራ ግን ምሕዋሩ በየቅጽበቱ ስለሚለወጥ ስሌቱ በትናንሽ እርምጃዎች ይከናወናል። እርምጃው በሰፋ ቁጥር ስሕተቱ ይበዛል፤ የመንኮራኩሯ መጋጠሚያዎችም ይናጋሉ። ስለዚህ ወሰኑ 4 እጥፍ ነው፤ ያ ረጅም ግፊያም 42 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ይህን «በእርምጃ ማፋጠን» ብለነዋል። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ተርጓሚ፣ ሞተሩ ለምን በአንደኛው ጊዜ እንደማይሠራ አንባቢው እንዳይረዳ ያደርጋል።

መንኮራኩሯን እንደ አንድ ነጥብ ቆጥሮ ምሕዋሯን በየእርምጃው የሚያርም ማሟያ ሁለቱን ዘዴዎች አቀራርቧል። እ.ኤ.አ. በ2023 ለሙከራ የቀረበው ሁለተኛው ጨዋታም ጊዜ ሲፋጠን ሞተር እንዲሠራ ፈቅዷል። ለዚህ ሦስተኛ አሠራር «ግፊያ ያልተቋረጠበት ማፋጠን» የሚለውን ለጊዜው አቅርበናል፤ ያጠረ ስያሜ ያላቸው አንባብያን ቢልኩልን በደስታ እንመረምራለን።