ቸርኬ ተጣመመ ሲባል

ድሬዳዋ ውስጥ ሞተሩን እየገፋ ጋራዥ በር የሚደርስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ራሱ አውቆ ነው የሚመጣው። «ቸርኬው ተጣሟል፣ መታ መታ አድርግልኝ አቦ» ይላል። መካኒኩም ቃሉን አምኖ መዶሻ ካነሳ፣ ደህና የነበረው ቸርኬ እዚያው ይበላሻል። ጎማ የሚወላገድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የቸርኬ መጣመም ከእነዚያ አንዱ ብቻ ነው። የዚህ ሙያ ትልቁ ክፍል ምርመራው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ የሚመጣ የትዕግሥት ሥራ ነው።

እንደ ቦክሰር ያሉ የሥራ ሞተሮች ብዙዎቹ ባለ ሽቦ ቸርኬ ናቸው፤ ሽቦዎቹም ባመዛኙ 36 ናቸው። ሲያዩአቸው ክብደቱን ከታች ሆነው እንደ ምሰሶ የተሸከሙ ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ቀጭን ሽቦ ግን ከላይ ቢጫኑት ይጎብጣል እንጂ አይሸከምም። ጎማው የሚጸናው እያንዳንዱ ሽቦ አስቀድሞ ተወጥሮ ስለታሰረ ነው። ግማሾቹ ቸርኬውን ወደ ግራ፣ ግማሾቹ ወደ ቀኝ ይስቡታል፤ ሁለቱ ጉተታዎች እኩል ሲሆኑ ቸርኬው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሽቦዎቹ ከጎማው እምብርት ዘንበል ብለው ወጥተው እርስ በርስ የሚተላለፉትም ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተሩ ሲጎትትና ፍሬን ሲያዝ የሚፈጠረውን ጥምዘዛ የሚችሉት በዚህ አቀማመጥ ነው። አሠራሩን በ1874 እ.ኤ.አ. ለብስክሌት ያስመዘገበው እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ ነበር።

ድሬዳዋ ሌላ ዓይነት ጎማም ታውቃለች። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1902 እ.ኤ.አ. የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ ነው፤ የባቡሩ ትልቅ የጥገና ወርክሾፕም እዚሁ ተተክሎ ብዙ የብረት ባለሙያ አፍርቷል። የባቡር ጎማ ፍሬን ጠርቅሞ ይዞት ሐዲድ ላይ ከተንሸራተተ አንድ ጎኑ ይጠፈጠፍና በየዙሩ ይደልቃል። መድኃኒቱ ቶርኖ ነው፤ ዙሪያው ተልጦ ክብነቱ ይመለሳል። ባለ ሽቦው የሞተር ጎማ ግን የሚላጥ ነገር የለውም። እዚህ የሚስተካከለው ውጥረት ነው፤ ስለዚህ የብረት ሥራ የሚችል ሁሉ ይህን ሥራ ይችላል ማለት አይደለም።

ቸርኬን ከሚጎዱት ነገሮች የመጀመሪያው፣ በእኔ ግምት፣ የአየር ማነስ ነው። በድሬ ሙቀት «ጎማው እንዳይፈነዳ» ብሎ አየር የሚቀንስ አሽከርካሪ አለ። ጎማው ሲሞቅ ግፊቱ ትንሽ እንደሚጨምር እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎማው ይህን ታስቦ የተሠራ ነው። አየር ያነሰው ጎማ ነው በየዙሩ እየተጨማደደ ይበልጥ የሚሞቀው። ጉድጓድ ወይም የኮብልስቶን ጠርዝ ሲያጋጥመው ደግሞ ጎማው እስከ ውስጥ ይጨፈለቅና ድንጋዩ በቀጥታ ቸርኬውን ይመታል። የደቻቱ ወንዝ በደረቀበት ወቅት በአሸዋው የሚሻገር ሰውም ጎርፍ አምጥቶ የቀበረውን ድንጋይ የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። አየር የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ትርፍ ሰውና ጭነት ሲጨመርበት ጉዳቱ ወደ ኋላው ጎማ ያጋድላል። ባጃጅ የራሱ ጣጣ አለው፤ ጎማው ባለ 8 ኢንች ስለሆነ ባለ 17 ኢንቹ የሞተር ጎማ ተንከባሎ የሚያልፈው ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ይገባል።

ወደ ምርመራው እንምጣ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ መቼ ነው የሚያስቸግርህ? ፍሬን ሲይዝ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፍሬኑ ያመራል፤ ከበሮው ወይም ዲስኩ ክብነቱን ወይም ቀጥታነቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ያለማቋረጥ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ የኋላው ጎማ ካቴና ሲወጠር ተዛብቶ እንደሆነ፣ ወይም የፊት ጎማውን የያዙት እግሮች ተጣመው እንደሆነ ይታያል። ጎማው እንደ እንቁላል ሆኖ ከፍ ዝቅ ሲል አካሉ በየዙሩ ይነጥራል፤ ወደ ጎን ሲወላገድ ደግሞ መሪው በእጅ ላይ ይጫወታል።

ከዚያ ሞተሩ በመሃል መቆሚያው ይቆምና ጎማው ከመሬት ይነሳል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዲያና ወዲህ መነቅነቅ ያስፈልጋል። ከተንኳኳ ኩሽኔታው አልቋል፤ ኩሽኔታው ያለቀበትን ጎማ ሽቦ ማጥበቅ ድካም ብቻ ነው። ቀጥሎ የላስቲኩ ጎን ይታያል። ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ። መስመሩ አንድ ቦታ ወደ ቸርኬው ገብቶ ሌላ ቦታ ከራቀ፣ ላስቲኩ በደንብ አልተቀመጠም። ከጎሚስታ የተመለሰ ጎማ በድንገት መዝለል ከጀመረ ቅድሚያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። አየሩ ወጥቶ፣ ጠርዙ በሳሙና ውኃ ተቀብቶ እንደገና ሲነፋ ይስተካከላል። ስንቱ ደህና ቸርኬ በዚህ ምክንያት ተደብድቦ ይሆን!

ይህ ሁሉ ካለፈ ቸርኬው ራሱ ይለካል። አንድ ጠንካራ ሽቦ ወይም እንጨት የጎማው መያዣ እግር ላይ ይታሰርና ጫፉ ቸርኬውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ይጠጋል። ጎማው በዝግታ ሲዞር ክፍተቱ የሚጠብበትና የሚሰፋበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። መጀመሪያ ወደ ጎን ያለው፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ይለካል። በብዙ አምራቾች መመሪያ የሁለቱም ወሰን 2 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው ዘንግም ወጥቶ መስተዋት ላይ ይንከባለላል፤ እየዘለለ ከሄደ ጎብጧል። ለዘንግ የሚፈቀደው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቀጥ ያለ በሚመስል ዘንግ መታለል ቀላል ነው።

ሽቦዎቹ በድምፅ ይመረመራሉ። ትንሽ ቁልፍ ይዞ አንድ በአንድ ነካ ነካ ሲያደርጓቸው የተወጠረው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የላላው ድምፁ ይታፈናል። በአንድ ጎን ያሉት ድምፃቸው ተቀራራቢ መሆን አለበት። ጠመኔው የተደረገበት ቦታና የታፈነው ድምፅ ከተገናኙ ደስ ይበልህ፤ ብረቱ አልተጣመመም፣ የላላ ሽቦ ነው። በተቃራኒው ሽቦዎቹ ሁሉ ደህና እየጮኹ ቸርኬው ከተወላገደ ብረቱ ራሱ ታጥፏል።

ማስተካከሉ የሚጀመረው ሽቦውን ቸርኬው ላይ ለያዘችው ትንሽ ዳዶ ዘይት ጠብ በማድረግ ነው፤ በአቧራና በዝገት የተያዘች ዳዶ በግድ ስትዞር ሽቦውን ትበጥሳለች። ቸርኬው ወደ ግራ ከሄደ፣ እዚያ ቦታ በስተግራ ያሉት ሽቦዎች ሩብ ዙር ይላላሉ፣ በስተቀኝ ያሉት ሩብ ዙር ይጠብቃሉ። ከዚያ ይዞራል፣ ይለካል። ሩብ ዙር ትንሽ ትመስላለች፤ ግማሽ ዙር በአንዴ የሰጠ ሰው ግን ቀሪውን ቀን ራሱ ያመጣውን ጥመት ሲያባርር ይውላል። ቸርኬው ወደ ውጭ ካበጠ እዚያ ቦታ የሁለቱም ጎን ሽቦዎች እኩል ይጠብቃሉ፤ ወደ ውስጥ ከገባ እኩል ይላላሉ። ጀማሪን የሚያሳስተው የዳዶዋ አዟዟር ነው። ከቸርኬው ውጭ ቆሞ ወደ እምብርቱ ለሚያይ ሰው ወደ ቀኝ ማዞር ማጥበቅ ነው፤ ከእምብርቱ በኩል ለሚያይ ግን ያው እንቅስቃሴ ወደ ግራ ይሆንበታል።

ድንጋይ የመታው የብረት ቸርኬ ጠርዙ ብቻ ከጎደጎደ ላስቲኩ ወጥቶ፣ እንጨት ተደግፎ ቀስ በቀስ ሊመለስ ይችላል። ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ውስጥ የገባን ቸርኬ ግን ሽቦ በማጥበቅ ማዳን አይቻልም፤ ያንን ቦታ ለመሳብ ሌላው ሁሉ ከልክ በላይ ይወጠራል። የሽቦ ቀዳዳ አጠገብ ስንጥቅ ከታየ ቸርኬው ይጣላል። ሽቦ አልባው፣ ተቀልጦ የተሠራው የአሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ በመዶሻ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ በእሳት ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል፤ በብየዳ የተያያዘውም ደህና መስሎ ይወጣል። ከደንገጎ ቁልቁለት፣ ከፊትና ከኋላ ከባድ መኪና እያለ፣ ሰው አሳፍሮ በእንዲህ ያለ ቸርኬ መውረድ በሁለት ነፍስ መፍረድ ነው። የአዲስ ቸርኬ ዋጋ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ግን «አሁን ይሂድልህ» የሚል መካኒክን መስማት አይገባም።

ሽቦ ሲጠብቅ ጫፉ በዳዶዋ አልፎ ወደ ቸርኬው ውስጥ ብቅ ይላል። በሞረድ ካልተስተካከለ ከመነዳሪውን ይበሳል፤ ከላዩም የላስቲክ ጥብጣብ ይለበጥበታል፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠም ያገለግላል። አዲስ የተወጠሩ ሽቦዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታቸውን ሲይዙ ትንሽ ይላላሉ። ስለዚህ ደንበኛው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ እንዲመጣ መነገር አለበት፤ ሁሉም አንድ በአንድ ይነኩና የታፈነ ድምፅ የሰጠው ብቻ ሩብ ዙር ይጨመርለታል።