የወይዘሮ ፍሬወይኒ ሞዴስ

ደብረ ታቦር ብርድ አገር ነው። ክረምት ሲገባ የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ትንሽ ፀሐይ ብልጭ ካለች ነጠላውም ጋቢውም አጥር ላይ ይሰጣል። ማንም አያፍርበትም። አንድ ጨርቅ ብቻ ፀሐይ አያይም። እሱም ሴት ልጅ በወር አበባዋ ጊዜ የምትይዘው ጨርቅ ነው። ታጥቦ አልጋ ሥር ይደበቃል። ለምን? ሰው እንዳያየው ነዋ!

ይህን ጮክ ብለን ስናነብ እናፍር ይሆናል። ግን ዝም ብለን ምን አተረፍን? ከጉና ተራራ ሥር በእግሯ ወደ ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ቀሚሷ እንዳይበላሽ ፈርታ ቤት ትቀራለች። በየወሩ 3 ቀን ብትቀር በ10 ወር 30 ቀን ትምህርት ያመልጣታል። እንዲህ እንዲህ እያለች ትምህርቱን ትተወዋለች።

ይህን ችግር ዝም ብለው ያላለፉ አንዲት ኢትዮጵያዊት አሉ። ስማቸው ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ነው። ያደጉት ኢትዮጵያ ነው። ልጅ ሳሉ የወር አበባ ሲመጣባቸው ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እርግማን ነው ሲባል ይሰሙ ነበር። ኋላ አሜሪካ ሄደው የኬሚካል ምህንድስና ተማሩ።

ወይዘሮ ፍሬወይኒ በትምህርታቸው ምን ሠሩበት? ታጥቦ እንደገና የሚያገለግል ሞዴስ ሠሩበት። ሞዴሱ ከጥጥ ጨርቅ ይሰፋል። እርጥበት የማያሳልፍ ገበርም አለው። በደንብ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የፈጠራ መብት አገኙበት። በ2009 መቀሌ ከተማ ፋብሪካ ከፈቱ። በሴት ልጃቸው ስም ማርያም ሳባ አሉት። በ2019 ፋብሪካው በዓመት 750,000 ሞዴስ ያመርት ነበር። ሠራተኞቹም አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሲኤንኤን የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸለማቸው።

ሞዴስ መስፋት ብቻውን ግን አይበቃም አሉ። ትምህርት ቤት እየሄዱ ለሴቶቹም ለወንዶቹም ስለ ወር አበባ አስረዱ። ወንዱ ልጅ ካላወቀ በእኅቱ ይስቃል። ካወቀ ግን ያግዛታል።

እኛስ ምን እናድርግ? ሞዴስ የምትገዛ ትግዛ። ጨርቅ የምትይዝም ንጹሕ ጨርቅ ትያዝ። ቶሎ ቶሎ ትለውጠው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀጥሎ በሳሙና ትጠበው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ታስጣው። ፀሐይ ከጠፋ በካውያ ትተኩሰው። አልጋ ሥር የተደበቀ ጨርቅ እንደረጠበ ይቆያል፤ ይሸታል፤ ገላን ያሳክካል። የሚጎዳን ደሙ አይደለም፤ መደበቁ ነው።

እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ሳትደነግጥ በፊት ንገሯት። አባቶች ሆይ፣ ደብተር ስትገዙ የሳሙናውንና የሞዴሱን ዋጋ አብራችሁ አስቡ። አጥሩ ላይም ከጋቢው ጎን ለዚያ ጨርቅ ቦታ እንስጠው።